ደላላ አይደውል

ዛሬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየሁ፤ ያለ ደላላ። የቤቱን ባለቤት ያገኘኋቸው በግቢው መግቢያ ካለው ሱቅ ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ብጣሽ ወረቀት ነው፤ «የሚከራይ ቤት፣ ደላላ አይደውል» ትላለች።

እማማ መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ሳሎኑ ሳይሆን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ነው። ቧንቧውን ከፈቱት። ፉጨት ብቻ። «ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም ሌሊት። በርሜሉን እተውልሃለሁ። ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል!» አሉኝ። ደላላ ቢሆን ኖሮ የፀሐዩን አገባብ ሲያደንቅልኝ ይውል ነበር።

ከዚያ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቁኝ። ፈራ ተባ እያልኩ፣ የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ማስከፈልን እንደሚከለክል፣ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ለልጄ አከራይም እንዲህ ብለህ ንገርልኝ» ብለው ሳቁ።

በሁለት ወር ተስማማን። ሰኞ ውሉን ለማስመዝገብ አብረን ወረዳ እንሄዳለን፤ መታወቂያቸውን እንዳይረሱ ማታ ደውዬ አስታውሳቸዋለሁ። ቁልፉ ግን ከአሁኑ ኪሴ ገብቷል፤ በቀይ ክር እንደታሰረ።