በስሜ የወጣው 12ኛ ምርጫ

ሥራዬ ቪዲዮ ማየት ነው። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አንድ አነስተኛ የስፖርት መረጃ ድርጅት አለ። እዚያ ቁጭ ብዬ የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታዎችን እመዘግባለሁ። ፉትቦል ያልኩት የአሜሪካኑን ነው። ኳሱ ከመሃል ከተላለፈ ጀምሮ ከኳርተርባኩ፣ ማለትም ጥቃቱን ከሚመራው ወርዋሪ፣ እጅ እስኪወጣ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ማን ተጠጋው? ወዴት ወረወረ? ኳሱን እንደያዘ ወደቀ ወይስ አመለጠ? ቪዲዮውን አቆማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እጽፋለሁ። ከውጭ ለሚያየው አሰልቺ ነው። እኔ እወደዋለሁ።

ኤፕሪል ሲደርስ ደግሞ ሞክ ድራፍት እንሠራለን። ድራፍት የፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየዙሩ ተራ በተራ የሚመርጡበት ነው፤ ሞክ ድራፍት የዚያ ግምት ነው። ቢሮው 32ቱን ቡድኖች ይከፋፈላል። ሁሉም በቡድኑ ተራ ማንን እንደሚመርጥ ይጽፋል፣ ምክንያቱን ያስቀምጣል፣ ከሥሩ ስሙ ይወጣል። በ2024 ዴንቨር ብሮንኮስን ጠይቄ ወሰድኩ። የከተማዬ ቡድን ነው፣ ተራው 12ኛ ነበር። ሀቫና ጎዳና ላይ ቡና የምጠጣበት የሐበሻ ቤት እንኳን በወቅቱ እሁድ እሁድ የሚከፍተው የእነሱን ጨዋታ ነው።

የዴንቨር ችግር ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ፔይተን ማኒንግ በ2016 መጀመሪያ 50ኛውን ሱፐር ቦል፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ አሸንፎ ጫማውን ከሰቀለ ወዲህ ቡድኑ ኳርተርባክ ፍለጋ ላይ ነበር። ፓክስተን ሊንች መጣ፣ ድሩ ሎክ መጣ፣ ሌሎችም መጡና ሄዱ። በ2022 ራስል ዊልሰንን በውድ አመጡት። ማርች 2024 ላይ አሰናበቱት። ስንብቱ ሊጉ ለተጫዋች ደመወዝ ከሚፈቅድላቸው ጣሪያ 85 ሚሊዮን ዶላር በላ። በዚያ ላይ አሰልጣኙን ሾን ፔይተንን ከኒው ኦርሊንስ ሲያመጡ የ2024ን የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፍለውበታል። ስለዚህ 12ኛው ካለፈ እስከ ሦስተኛው ዙር እጃቸው ባዶ ነው።

በዚያ ዓመት ከኮሌጅ የሚወጡ ኳርተርባኮች ደግሞ ብዙ ነበሩ። ኬሌብ ዊልያምስ፣ ጄይደን ዳኒየልስ፣ ድሬክ ሜይ እና ጄጄ ማካርቲ ቀድመው እንደሚወሰዱ ሁሉም ተስማምቷል። የቀሩት ማይክል ፔኒክስ እና ቦ ኒክስ ናቸው። ኒክስን ብዙ ገማች ያስቀመጠው ከመጀመሪያው ዙር ጭራ ላይ ወይም ሁለተኛው ዙር ውስጥ ነበር።

እኔ 12 ላይ ኒክስን ጻፍኩ።

አለቃዬ የዋዛ ሰው አይደለም። ይሄን ጨዋታ ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ማስታወሻው ኃይለኛ ነው። ወረቀቴን ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«12 ላይ ኒክስ?»

«አዎ።»

«ይሄ ልጅ ኦበርን እያለ ወደ ኋላ እየሮጠ ያርድ ሲያስበላ የነበረው አይደለም እንዴ?»

«ራሱ ነው። አንተ የምታወራው ግን ስለ ኦበርኑ ልጅ ነው። እኔ የመረጥኩት የኦሪገኑን ነው።»

ኒክስ ከ2019 እስከ 2021 ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ነበር። አባቱም እዚያው ኳርተርባክ ነበር፤ ስለዚህ ጫናው ከባድ ነበር። በመጀመሪያ ጨዋታው ያሸነፈው ኦሪገንን ነው፣ 27 ለ21። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያው ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ2023 ከወረወራቸው ኳሶች 77.4 ከመቶው ለታለመለት ሰው ደረሱ፣ እስከዚያ ድረስ በኮሌጅ ታሪክ ከፍተኛው ነበር። 45 ታችዳውን፣ የዚህ ጨዋታ ጎል በሉት፣ ወረወረ፤ የተነጠቀው 3 ኳስ ብቻ ነው። በቋሚነት 61 ጨዋታ ጀምሯል። ይህም በወቅቱ የኳርተርባኮች ክብረ ወሰን ነበር።

አለቃዬ ይሄ ሁሉ አላሳመነውም። ያቀረበው ክርክር ጥሩ ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

«ስክሪን የሚሉትን የቅርብ ቅብብልና አጫጭር ኳስ ነው የሚወረውረው። ያን የመሰለ መከላከያ መስመር ፊቱ ቆሞለት ማን ይወድቃል? 24 ዓመቱ ደግሞ ነው። ከዚህ በኋላ ምን ያህል ይሻሻላል? ማክ ጆንስን ረሳኸው? ኬኒ ፒኬትንስ?»

ሁለቱም የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ነበሩ። ጆንስ በ2021 15ኛ፣ ፒኬት በ2022 20ኛ። ሁለቱንም ቡድኖቻቸው ማርች 2024 ላይ ለሌላ አሳልፈው ሰጥተዋቸዋል፤ እኛ ይሄን ስናወራ ወሬው ገና ትኩስ ነበር።

ለዚህ መልስ ነበረኝ። የኦሪገን መስመር ጠንካራ እንደነበረ እኔም አይቻለሁ። ስለዚህ መስመሩ የሸሸገውን ለማየት ብዬ፣ ጫና የደረሰበትን ጨዋታ ብቻ ለይቼ አወጣሁና እንደገና አየሁት። አንዱን ከፈትኩለት። ሦስተኛ ሙከራ ነው፣ አዲስ ሙከራዎች ለማግኘት 7 ያርድ ይቀራል። ከግራ በኩል ማንም ያልያዘው ሰው እየከነፈ ይመጣል። የኒክስ ፊት ወደ ቀኝ ነው፣ ያላየው ይመስላል። የኋላ እግሩ መሬት እንደነካ ኳሱ ከእጁ ወጥቷል። የመጣው ሰው አየር ያዘ። ኳሷ የደረሰችው ሯጭ 7ቱን ያርድ አልሞላም፣ ሙከራው ከሸፈ። መዝገብ ላይ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ኦበርን እያለ ይሄው ልጅ በዚህ ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጥ ነበር፤ ወይ 15 ያርድ ኋላ ይወድቃል፣ ወይ ተአምር ይሠራል። አሁን ትንሹን ነገር ተቀብሎ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል።

እኛ ዘንድ ከኮሌጅ ወደ ፕሮፌሽናሉ ተሻግሮ ይቀጥላል የሚባለው አንዱ ጠባይ ይሄ ነው። ጫና ሲመጣ መውደቅ የሚያበዛ ልጅ እዚያም ይወድቃል። ኳሱን ቶሎ የሚለቅ እዚያም ይለቃል። ሾን ፔይተን ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከኒው ኦርሊንሱ ኳርተርባክ ከድሩ ብሪስ ጋር የሠራ ሰው ነው። የለመደው በሰዓቱ የሚወረውር ኳርተርባክ ነው። ከዴንቨር ቀጥሎ 13ኛ ላይ ላስ ቬጋስ ተቀምጧል፣ እሱም ኳርተርባክ ይፈልጋል። ዴንቨር ወደ ኋላ ልሸሽ ቢል ልጁ እዚያው ምድቡ ውስጥ ባለ ተቀናቃኝ ሊወሰድበት ይችላል። ይሄን ሁሉ ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «ይሁን፣ ያንተ ቡድን ነው። አስገባው» አለኝ። አስገባሁት። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰንጠረዡን የምትሠራው ልጅ እንደኔው ሐበሻ ናት። ማታ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ሐሳብህን ቀየርክ እንዴ?»

«የምን ሐሳብ?»

«የዴንቨሩን ነዋ። ዳላስ ተርነር ይላል እኮ። አንተ የቀየርከው መስሎኝ ሠርቼ አወጣሁት።»

ከፍቼ አነበብኩ። እውነት ነው። 12ኛ፦ ዳላስ ተርነር፣ አላባማ፣ ተከላካይ። ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር አለ፣ አንዱንም እኔ አልጻፍኩትም። የመጨረሻው «ብሮንኮስ ኳርተርባክ ለመምረጥ እስከ ሦስተኛው ዙር መታገስ ይችላሉ» ይላል። ቀኑን ሙሉ አይችሉም ብዬ የተከራከርኩበት ነገር። ከዚያ ሥር ስሜ ተጽፏል።

ለአለቃዬ ደወልኩ፣ አላነሳም። መልእክት ላክሁ። የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው።

«አንባቢ እንዳይስቅብህ ብዬ ነው።»

ይቺን መስመር እስካሁን አልረሳኋትም። ተናዶ ቢቀይረው ይገባኛል። «እኔ አለቃ ነኝ፣ አልተስማማሁም» ቢለኝም ይገባኛል። ይሄኛው ግን ውለታ ተደርጎ ነው የቀረበልኝ። እንደዋለልኝ ነው የቆጠረው። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ይሄን ጨዋታ የተማርኩት ካደግኩ በኋላ፣ እዚሁ አገር፣ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ደግሞ ከአባቱ ጋር ስታዲየም እየገባ ያደገ ነው። አለቃዬ ይሄን አላነሳም፤ ያላለውን አለ አልልም። ነገር ግን በዚያ ቀን ከኔ ይበልጥ የሚያስቅ ምርጫም ነበረ። አንዱ ባልደረባዬ በመጀመሪያው ዙር ማንም ያላሰበውን ሰው አስገብቶ ነበር። የሱ አልተነካም። እንዳይሳቅበት የተጠበቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ኤፕሪል 25 ማታ ድራፍቱ ዲትሮይት ላይ ተጀመረ። ቢሮ ተሰብስበን እናያለን። ዊልያምስ፣ ዳኒየልስና ሜይ እንደተጠበቀው ተከታትለው ሄዱ። 8ኛ ላይ አትላንታ ፔኒክስን ጠራ፤ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፣ ምክንያቱም አትላንታ ከወር በፊት ነው ለከርክ ከዚንስ የ180 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመችው። ሚኒሶታ ከ11 ወደ 10 ወጥታ ማካርቲን ወሰደች። የዴንቨር ተራ ደረሰ። ቦ ኒክስ፣ ኦሪገን።

ስድስት ኳርተርባክ በ12 ምርጫ ውስጥ አለቀ። ላስ ቬጋስ ተራው ሲደርስ የቀረ ስላልነበረ ብሮክ ባወርስን መረጠ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። የኒክስን ነገር ጠረጴዛዬ ጋ ሲወራ የሰማ ብዙ ነበር። አለቃዬ ከሁሉም ቀድሞ ተናገረ። «እኛም እኮ ተነጋግረንበት ነበር» አለ። እኛ! ሰንጠረዥ የምትሠራው ልጅ በዓይኗ ፈለገችኝ። ምንም አላልኩም።

በማግሥቱ ቢሮው ገብቼ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ምርጫው ወደ ነበረበት ይመለስ አላልኩም፤ ካለፈ በኋላ መመለስ ማጭበርበር ነው። «ይህን ምርጫና ጽሑፍ ያዘጋጀው አርታኢው ነው» የሚል መስመር ይግባበት አልኩ። «ድራፍቱ አልፏል፣ ከእንግዲህ ማን ያነበዋል?» አለኝ። እኔ አነበዋለሁ አልኩት። ሳቀ። ቁም ነገሬን ነበር።

ዴንቨር ተርነርን መርጦ ቢሆን ኖሮም ቅሬታዬ ያው ነው። እንዲያውም ያኔ ከባድ ይሆን ነበር፤ ያልጻፍኩት ትክክል ሆኖ ሲመሰገንልኝ ምን እላለሁ? ሞክ ድራፍት ግምት ነው፣ ግማሹም አይሳካም። ዋጋው ያለው አንድ ሰው ተቀምጦ አይቶ፣ አስቦ፣ «እኔ ብሆን ይሄን ነው የምመርጠው» ማለቱ ላይ ነው። ኳርተርባክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ተከላካይ ብትስት አንድ ተጫዋች ሳትክ ይባላል። ኳርተርባክ ከሳትክ የቡድኑ ዓመታት ናቸው የሚሄዱት፤ ዴንቨር ስምንት ዓመት ሄዶበታል። እንዲህ ያለ ምርጫ ላይ ስሙን የሚያኖር ሰው የራሱን ሐሳብ ይዞ መቆም አለበት።

የአለቃዬ ክርክር ግን ዋጋ የለውም አልልም። ኒክስ በመጀመሪያ ዓመቱ 29 ታችዳውን ወረወረ፣ 3,775 ያርድ ሞላ፣ ቡድኑ 10 አሸንፎ በ7 ተሸነፈና ከሱፐር ቦሉ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሎ ማለፍ ገባ። እዚያ ቡፋሎ 31 ለ7 አሸነፈው። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ሀቫና ጎዳና ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌያለሁ። ነገር ግን ማክ ጆንስም በመጀመሪያ ዓመቱ ጥሎ ማለፍ ገብቶ ነበር። በአንድ ዓመት የሚዘጋ ክርክር አይደለም። ለዚህም ነው ያ ክርክር ከነሙሉ ክብሩ፣ ከሥሩ የአለቃዬ ስም ሰፍሮበት መውጣት የነበረበት። ጥሩ ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ሁለታችንንም ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ከአንዱ ብቻ ከሚያገኘው የበለጠ ይማር ነበር።

በ2025 ሞክ ድራፍቱ ሲመጣ ቡድን ከመውሰዴ በፊት ይሄንኑ ጠየቅሁ። የማይስማማ አርታኢ ከጽሑፉ ሥር በራሱ ስም ተቃውሞውን ይጻፍ፣ ምርጫው ግን አይነካ። ሌሎችም ደገፉኝ፣ ተስማማ። ያን ዓመት ከተማው ሁሉ የሚያወራው እዚሁ ቦልደር ስለተጫወተው ስለ ሼዱር ሳንደርስ ነበር። አለቃዬ በመጀመሪያው ዙር ይወሰዳል ብሎ አጥብቆ ያምናል። እኔ ለያዝኩት ቡድን አልመረጥኩትም። ክንዱ ትክክለኛ ነው፣ ግን ኳሱን እጁ ላይ ያቆያል፣ ብዙም ይወድቃል። አለቃዬ ከሥሬ ረጅም ተቃውሞ ጻፈ፣ በራሱ ስም። ጠንካራ ጽሑፍ ነበር፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ወደ ቪዲዮው እንድመለስ አድርጎኛል። ሳንደርስ እስከ አምስተኛው ዙር ወርዶ 144ኛ ላይ ክሊቭላንድ ወሰደው። እዚያ ድረስ ይወርዳል ያለ ሰው ቢሮ ውስጥ አልነበረም።

አሠራሩ አሁንም እንደዚያው ነው። አዲስ የሚቀጠር ሰው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ይጠቀምበታል። የ2024ቱ ገጽ ላይ ግን ከተርነር ሥር አሁንም የኔ ስም አለ። እንዲስተካከል መጠየቄን አላቆምኩም።