ለወሊድ ትምህርት ከመመዝገቤ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ

ሰባተኛ ወሬን እንደያዝኩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእርግዝና ክትትል በማደርግበት የግል ክሊኒክ ግድግዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ለነፍሰ ጡሮችና ለባለቤቶቻቸው በአምስት ቅዳሜዎች የሚሰጥ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ነው። ክፍያው የወር የቤት ኪራያችንን ሩብ ያህል ስለነበር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልወስን ቆየሁ።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ ቡና እየቆላች ነበር። «እኔ አምስት ስወልድ ማን አስተማረኝ? ማርያም ትቅረብሽ እንጂ ምጥ በደብተር አይማሩትም» አለችኝ። አምስቱንም በሰላም የተገላገለች ሴት ናትና ቃሏን አልናቅኩም። «ምጥ መጀመሩን ግን በምን አወቅሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ይታወቅሻል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘሁም። ያስወሰነኝ ይህ መልስ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወገቤን ቢቆርጠኝ ልሂድ ወይስ ልተኛ የሚለውን እንኳ መለየት እንደማልችል ገባኝ።

ባለቤቴም የራሱ ምክንያት ነበረው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ታገኛለች፤ ለአባት የተፈቀደለት 3 ተከታታይ ቀን ነው። «ከወለድሽ በኋላ ጊዜ አይኖረኝም፤ አሁን ልጥቀምሽ» አለና ለሁለታችን ከፈለ።

ስለ አተነፋፈስ ብዙ ተማርን፤ በዝግታ መተንፈሱም ጠቅሞኛል። ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። አስተማሪያችን ለብዙ ዓመታት ያዋለደች ነርስ ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» ነበር የምንላት። «ምጡ በየአምስት ደቂቃው እየተመላለሰ፣ እያንዳንዱም አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ አንድ ሰዓት ካለፈ ተነሡ። ደም ካየሽ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ፣ የልጅሽ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ሰዓት አትቁጠሪ፤ ወዲያው ሂጂ» አለችን። ቃል በቃል ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

በአራተኛው ቅዳሜ የምጡን ሕመም ለማቅለል ወገብ መጫን ተለማመድን። ባለቤቴ የመዳፉን ሥር ከወገቤ ዝቅ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አሳረፈ፤ ግን የሚሰበር ዕቃ የነካ ይመስል ፈርቶ ነበር። ሲስተር የራሷን እጅ በእጁ ላይ ደርባ፣ እኔ በረጅሙ እስክተነፍስ ድረስ ተጫነችው። «ይህን ያህል ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሳይለማመድ አይተኛም ነበር።

ምጤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረኝ። በስልክ ሰዓት እየያዝን ቆጥረን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቴን ይዘን ጭር ባለው መንገድ ሆስፒታል ደረስን። የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ግን «ወንድ አይገባም» ተባልን። ምክንያቱን አልቃወምም፤ ውስጥ በመጋረጃ ብቻ የተለያዩ ሌሎች እናቶች እያማጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በምጥ ላይ ያለች እናት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ በአንድ ክፍል ብዙ ሴቶች በሚያምጡበት ቤት ግን ምክሩ በሩ ላይ ይቀራል። የተማርኩት በአንድ ቦታ፣ የምወልደው በሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ «አብሮኝ የሚገባው ማን ነው?» ብዬ አስቀድሜ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከአምስቱ ቅዳሜዎች ቢያንስ ሁለቱን እናቴ መማር ነበረባት።

ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ «ይቅርታ እማማ» ብሎ የእናቴን እጅ ያዘና ወገቤ ላይ አስቀመጠው፤ የራሱን ከላይ ደርቦ ተጫነ። «ይህን ያህል» አላት። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

እናቴ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች እስከ ከሰዓት በኋላ ወገቤን ስትጫን ዋለች። የማህፀኔ በር ስገባ አራት ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ነበር፤ አሥር እስኪሞላ ብዙ ይቀረዋል። ሲስተር ከመተኛት መንቀሳቀስ እንደሚሻል ስለነገረችን እናቴን ተደግፌ ተራመድኩ። በምጡ መካከል ፋታ ሳገኝ ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። የመጀመሪያዋን ስትወልድ የምትሞት መስሏት ነበር፤ እንዲህ እንደሚያደርግ ያስጠነቀቃት አንድም ሰው አልነበረም። «ለእናንተም መናገር አፈርኩ» አለችኝ።

ትምህርቱ የጎደለው ጡት ማጥባት ላይ ነው። የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለቀስኩት በምጡ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ጡቴ ቆስሎ ልጄ አልይዝ ስትል ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ለዚህ ሊሰጠው ይገባል። ይሁንና እንገሩ የመጀመሪያ ምግቧ እንደሆነና እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ እንደማያስፈልጋት ተምሬ ስለነበር፣ ቅቤ ሊያልሷት የመጡ ዘመዶችን በትሕትና መለስኩ።

ገንዘብ ያጠራት እህት ግን በዚህ ምክንያት መቅረት የለባትም። ጎረቤቴ ያን ዓመት በጤና ጣቢያ ስትከታተል፣ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ አዋላጇን በየቀጠሮዋ ትጠይቅ ነበር፤ ያለ ክፍያ ከእኔ ያላነሰ አውቃለች። በየገጠር ቀበሌውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን ሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ የሚያወያዩበት ጊዜ አለ።

አሁን ታናሽ እህቴ ደሴ ውስጥ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከሁሉ አስቀድማ የምትወልድበት ቦታ ሄዳ ጠየቀች፤ ሴት ብቻ ነው የሚገባው አሏት። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች። ትናንት ማታ ደውላ፣ ያን የቅዳሜ ደብተሬን እንዳመጣላት ጠየቀችኝ።