ማግኔቱን አርቁልኝ

ዛሬ አንድ ጓደኛዬ በመሀረብ የተጠቀለለ ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣ። «ከሰማይ የወደቀ ነው» አለኝ በሙሉ ልብ። ገና በቅጡ ሳላየው ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ጠጋ አደረገበት። ጠቅ! ፊቱ በራ።

ድንጋዩን ተቀብዬ አገላበጥኩት። ላዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሞልተውታል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅላጭ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው ጋዝ እንዲህ ያለ ምልክት ጥሎ ይሄዳል። ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ፣ ማለትም ሜትዮራይት ላይ ግን እምብዛም አይታይም። አዲስ የወደቀ ቢሆን ደግሞ አየሩን ሰንጥቆ ሲመጣ የቀለጠ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይኖረው ነበር። ብረት ያለበት የምድር ድንጋይም ማግኔት ይስባል። ነገርኩት። አኮረፈ።

እኔን የከነከነኝ ግን ማግኔቱ ነው። አንዳንድ ሜትዮራይት ከቢሊዮን ዓመታት በፊት የተፈጠረበትን ቦታ የመግነጢስ አሻራ ይዞ ይመጣል። ጠንካራ ማግኔት አንዴ ከነካው ያ አሻራ ይደመሰሳል። ከማርስ መጥቶ ሰሃራ ላይ የተገኘው «ብላክ ቢዩቲ» የደረሰበት ይሄው ነው። ከሱ የተወሰዱ ቁርጥራጮች ሲመረመሩ፣ አሻራቸው በሰዎች ማግኔት ተደምስሶ ተገኝቷል። ያሳዝናል እኮ!

ሰው ያልነካካው፣ ዝናብ ያልመታው ናሙና የፈለገ እዚያው ጠፈር ሄዶ ማምጣት አለበት። የጃፓኗ መንኮራኩር ሃያቡሳ 2 እ.ኤ.አ. በ2020 ሪዩጉ ከተባለው አስትሮይድ (ፀሐይን ከሚዞሩ ትናንሽ የጠፈር አለቶች አንዱ) 5.4 ግራም ገደማ አመጣች። የአሜሪካዋ መንኮራኩር ኦሳይረስ-ሬክስ ደግሞ በ2023 ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ 121.6 ግራም። ለዚህች ሰባት ዓመት መጓዝ ሞኝነት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኔ ርካሽ ነው ባይ ነኝ።