ውሃ የማይገባበት ፍሬን፦ በወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ላይ ሞክሬ ያየሁት

ሥራዬ የወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጥገና ነው። በእጄ ያለፈው ዕቃ ሁሉ ቢቆጠር አንደኛ የሚወጣው ፍሬን ሸራ ይመስለኛል። ጭቃና አሸዋ ላይ የሚውል መኪና ሸራ ይበላል፣ ሸራው ተጭኖ የሚያቆመውን የብረት ከበሮ፣ ታምቡሩን፣ ይቧጭራል። እኔም ይህን እንደ ግዴታ ተቀብዬው ኖሬያለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ የዝናብ ቀን ነው። ኮንቮዩ ወንዝ ተሻግሮ ወዲያው ቁልቁለት ገባ። የሦስተኛው መኪና ሾፌር ፍሬን ቢረግጥ አልያዘለትም። ማርሽ ቀንሶ፣ መኪናውን ወደ ዳገቱ ጥግ አስጠግቶ በጭንቅ አቆመው። ሰው አልተጎዳም። ጎማውን ፈትቼ ሳይ ታምቡሩ ውስጥ ውሃና ደለል ሞልቷል። ሸራው አዲስ ነበር፤ በቅርቡ የቀየርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ያን ቀን ነው ችግሩ የጥገና ጉድለት ሳይሆን የፍሬኑ ክፍት መሆን እንደሆነ የገባኝ።

አለቆቼን ጠይቄ በ4 መኪኖች ላይ ዝግ የዘይት ፍሬን ገጠምን። አሠራሩ ከባድ አይደለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ብዙ ስስ ዲስኮች ይደረደራሉ። አንዱ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ቀጥሎ ያለው ከቤቱ ጋር ተይዞ ይቆማል፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። በመካከላቸው ያለው ዘይት ሙቀቱን ወደ ቤቱ ያወጣል፤ መበላላቱንም ይቀንሳል። የእርሻ ትራክተሮችና የማዕድን ማሽኖች ከድሮ ጀምሮ ይጠቀሙበታል።

ከ4ቱ ጎን ክፍት ፍሬን ያላቸው 4 መኪኖች አሰለፍኩ። መንገዱም ሥራውም አንድ ዓይነት ነው። ሁሉንም በደብተር ያዝኩ። ክረምቱ ሲወጣ የክፍቶቹን ሸራ ቀይረን ነበር፤ የዝጎቹን ዲስክ ግን ለመፍታት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም። ሾፌሮቹ ከውሃ ሲወጡ ፔዳሉ ከመግባታቸው በፊት እንደነበረው ሆኖ አገኙት። ፍሬን ረገጥ ረገጥ እያደረጉ ማድረቅ ቀረላቸው። ወታደር ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስህተቶቼንም ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሞላሁት ተራ የካምቢዮ ዘይት ነበር። ፍሬኑ ይጮሃል፣ ሲይዝም ይነጥቃል። እነዚህ ዲስኮች ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይፈልጋሉ። አፍስሼ፣ አጥቤ፣ ትክክለኛውን ስሞላ ጸጥ አለ።

ሁለተኛው መተንፈሻው፣ ማለትም የፍሬኑ ቤት አየር የሚያስገባበትና የሚያስወጣበት ቀዳዳ ነው፤ እሱ ብዙ አደከመኝ። በአንደኛው መኪና ዘይቱ ወተት መሰለ፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ማሸጊያ) ቀየርኩ፣ ደገመኝ። በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ፍሬኑ ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በአንዴ ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። መተንፈሻው ዝቅ ብሎ ከተገጠመ የሚስበው ውሃ ነው። በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ ውሃው በኦይል ሲሉ በኩል ይገባል። አሁን መተንፈሻውን በቱቦ አራዝሜ መኪናው ከሚገባበት የውሃ ጥልቀት በላይ አስሬዋለሁ። ዝግ ፍሬን የምትገጥሙ ሁሉ ከዚህ ጀምሩ።

አንድ መካኒክ ደግሞ «ከእንግዲህ ፍሬን ዘይት መቀየር ቀረልን» አለኝ። አልቀረም። በእኛዎቹ ላይ ከፔዳሉ የሚወርደው መስመር ያው የድሮው ነው። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። የፍሬን ዘይቱና የዲስኮቹ ዘይት እንዳይቀላቀሉም መሙያዎቹን በተለያየ ቀለም ቀባኋቸው። እንደ ዲስኮቹ ዘይት ያለ የማዕድን ዘይት ፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ ከገባ የመስመሩን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣል።

ጉድለትም አለው። ዋጋው ውድ ነው፤ ዘይቱም በብርድ ጠዋት ጎማውን ትንሽ ይይዘዋል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚሠራ መኪና አልመክርም። በረጅም ቁልቁለትም ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ በከባድ ማርሽ መውረድ ግድ ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ጉተታው ነው። የእኛዎቹ የእጅ ፍሬን በስፕሪንግ ይይዛል፤ የሚለቀው የዘይት ግፊት ሲያገኝ ነው። ግፊቱ ቢጠፋ ራሱ ይይዛል፤ ለደህንነት ግሩም ነው። አንድ ቀን ግን ሞተሩ የጠፋ መኪና በጎታች ሲሳብ ጎማዎቹ ሳይዞሩ መሬት ላይ ተፋቁ። መልቀቂያ የእጅ ፓምፕ እንዳለው ለጎታቾቹ የነገራቸው የለም፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አሁን በየመኪናው መጎተቻ አጠገብ ቅደም ተከተሉ በትልቁ ተጽፏል፦ መጀመሪያ ታኮ፣ ቀጥሎ የመጎተቻው ብረት፣ በመጨረሻ ፓምፑ።