የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት

ለዓመታት የቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረው ራዕይ እንዲህ ይላል፦ «ድርጅታችንን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በመስጠት ግንባር ቀደምና ተመራጭ ሆኖ ማየት።» ፕሮፖዛል ላይ አለ፣ ብሮሸር ላይ አለ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ አለ። የተቃወመው ሰው የለም። በቃሉ የሚያውቀውም አልነበረም።

ሥራችን ዊልቸርና ክራንች ማደል ነበር። ስንት እንዳደልን እንቆጥራለን። ቁጥሩ ካደገ ዓመቱ ጥሩ ነበር እንላለን። እኔም የፕሮግራም ኃላፊ እንደመሆኔ በዚያ ቁጥር ከልቤ እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ለክትትል አንዲት ወጣት ቤት ሄድኩ። ዊልቸሩን ከሰጠናት 8 ወር ሆኗል። እናቷ በር ከፈቱልኝ። ዊልቸሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ መቀመጫው ላይ የታጠበ ልብስ ተቆልሎበታል። ጎማው ላይ አዲስ ጎማ የሚኖሩት ትንንሽ የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ አልረገፉም።

«አልተመቸሽም እንዴ?» አልኳት።

«ተመችቶኛል። ግን የት ልሂድበት? በራችን ላይ አራት ደረጃ አለ። ክፍላችን ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።»

እኛ ሪፖርት ላይ ግን «ተጠቃሚ» ተብላ ተቆጥራለች። ያንን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወቅቱ አዲስ ስትራቴጂክ ዕቅድ የምናዘጋጅበት ነበር። ራዕዩን ከዜሮ እንጀምር ብዬ ለቦርዱ አቀረብኩ። አንድ አባል ጊዜያችንን በጀት ላይ ብናውለው ይሻላል አሉ። ስጋታቸው ይገባኝ ነበር፤ የቀጣዩ ሩብ ዓመት ደመወዝ ገና አልተገኘም። ቢሆንም ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ስታፍና ቦርድ ሆነን ሁለት ቀን ተቀመጥን። ግድግዳውን በወረቀት ሞላነው፤ ጥራት፣ ልህቀት፣ ዘላቂነት። የወጣው ዓረፍተ ነገር የድሮው ወንድም ነበር። ማታ ቤቴ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ባለቤቱን ፈለግሁ። ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። የሚያድገውም፣ የሚመረጠውም፣ የሚመሰገነውም እሱ። አካል ጉዳተኞቹ «ለ» ላይ ተንጠልጥለው ዳር ቆመዋል። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ለሁለተኛው ስብሰባ ከምናገለግላቸው ሰዎች 14ቱን ጠራን። ያቺ ወጣትም መጣች። ጥሪው ከወጣ በኋላ ግን አንዷ ደውላ «ቢሯችሁ ፎቅ ላይ አይደለም እንዴ?» አለችን። እውነቷን ነው። ምድር ቤት ያለ አዳራሽ ስንፈልግ አንድ ሳምንት ሄደ። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን እነሱን በሚመለከት ውሳኔ ላይ መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን ማማከርና ማሳተፍ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በየፕሮፖዛሉ የምንጠቅሰው ሰነድ ነው። እኛ ራሳችን ግን አንድ ቀን እንኳ አልሠራንበትም።

ጥያቄውንም ቀየርነው። «ምን እናድርግላችሁ?» ስትል መልሱ ዊልቸር ነው፤ የምትሰጠው እሱን መሆኑን ያውቃሉ። እኛ «ከ10 ዓመት በኋላ፣ አንድ ተራ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ትውላላችሁ?» አልን። መጀመሪያ ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ አንዱ «ጠዋት ማንንም ሳልለምን ከቤት እወጣለሁ» አለ። ሌላው «ሥራ አርፍጄ እገባለሁ፣ አለቃዬም እንደማንኛውም ሰው ይቆጣኛል» አለ። ይሄን ሲል ብዙዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔ ማስታወሻ መያዜን ትቼ ነበር።

ከቀትር በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረ፦ «አካል ጉዳተኞች ማንንም ሳይለምኑ ወደፈለጉበት የሚሄዱበት ከተማ።» ከእኛ ወገን «ሳይለምኑ» ለለጋሾች ይከብዳል፣ «አካታች» እንበለው የሚል ሐሳብ ተነሳ። እነሱ ግን አልተስማሙም። ቃሉ ጸና።

ቦርዱ ላይ የመጣው ጥያቄ ሌላ ነበር። ይሄ በእኛ አቅም የሚደረስበት ነው ወይ? ራዕይ የምናየው ለውጥ ነው፣ የእኛ ድርሻ ተልዕኮው ላይ ይጻፋል ብዬ መለስኩ። ምሳሌም ይዤ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል በ1986 እ.ኤ.አ. የጊኒ ዎርም በሽታን (በተበከለ የመጠጥ ውኃ የሚተላለፍ ትል ነው) የማጥፋት ዘመቻ መምራት ሲጀምር በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይያዝ ነበር። በ2023 በመላው ዓለም የተመዘገቡት 14 ሰዎች ናቸው። መድኃኒትም ክትባትም የለውም፤ ውኃ በማጣራትና ሰዎችን በማስተማር የመጣ ውጤት ነው። ማርች ኦፍ ዳይምስ የሚባል የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅትም አለ። በ1938 እ.ኤ.አ. ፖሊዮን ለመዋጋት ተቋቋመ፣ በ1955 ክትባቱ መሥራቱ ተረጋገጠ፣ በ1958 ድርጅቱ ፊቱን ከልደት ጋር ወደሚመጡ የጤና ችግሮች አዞረ። ራዕያቸው ስለ ራሳቸው ዝና ቢሆን ኖሮ መቼ እንደደረሱ በምን ያውቁ ነበር?

ጸደቀ። ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አንድ ለጋሽ ብዙ ዊልቸር ሊሰጠን ተዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም አንድ መጠን፤ ለክቶ ለማስተካከልም፣ ተጠቃሚውን ለማሠልጠንም በጀት የለውም። የማይመጥን ዊልቸር ቁስል ያመጣል። እንደ ድሮው ቢሆን በደስታ እንቀበል ነበር። አሁን ግን የመለኪያና የሥልጠና በጀት እንዲጨምሩበት ጠየቅን፤ ሳይስማሙ ቀሩ። በዚህ የተነሳ የሁለት ባልደረቦቻችን ኮንትራት አልታደሰም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ውሳኔው ግን ትክክል ነበር እላለሁ።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ለብዙ ዓመት መጋዘናችንን የያዙ ሰው አሉ። አዲሱን ራዕይ የሰሙት ከሁሉም ጋር፣ ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱ ቢሮዬ መጡና «ታዲያ እስካሁን የሠራሁት ምን ሊባል ነው?» አሉኝ። አስቀድሜ ለብቻቸው ላነጋግራቸው ይገባ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አሁን ዊልቸሩን ከማስረከባቸው በፊት ቤቱን ሄደው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ሜትር ይዘው በሩን፣ ደረጃውን፣ መተላለፊያውን ይለካሉ። የወጣቷ ቤት አራት ደረጃ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚፈልግ 7 ሜትር ከ20 ይመጣል። ግቢው አይበቃም። መወጣጫው ግድግዳውን ታክኮ መሃል ላይ እንዲታጠፍ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

የሪፖርታችን የመጀመሪያ ገጽም ተቀይሯል። ስንት ዊልቸር እንደወጣ ሳይሆን፣ ስንት ሰው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን በራሱ ከቤት እንደሚወጣ ነው የምንጽፈው። ቁጥሩ ከድሮው በጣም ያንሳል።

የወጣቷ ክፍል ግን እስከዛሬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደ ምድር ቤት ይቀየርላት ብለን ለሚመለከተው አካል ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈናል። ሦስተኛውን በዚህ ሳምንት እሷ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ሄዳ አስገብታለች።