የአባባ ፒክአፕ ማርሽ ሲቀይር ለምን ይመታ ነበር?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የአባባ ፒክአፕ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። የፈረንጆቹ 1996 ስሪት ነው፣ አውቶማቲክ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ከኋላ ሰው የገጨን ይመስላል። አንድ ጋራዥ «ካምቢዮው (ማርሹን የሚቀይረው ክፍል) መውረድ አለበት» ብሎን፣ አባባን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በዚያ መኪና ነው ያሳደጉን።

መጀመሪያ የካምቢዮ ዘይቱን አየሁ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ሳይጠፋ። መለኪያውን መዝዤ ነጭ ሶፍት ላይ ጠረግኩት። ቀይ ነው። ጥቁር ቅንጣት የለውም፣ ተቃጠለ ተቃጠለም አይልም። ልቤ መለስ አለ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የምትወርደውን ካቦ ፈተሽኩ። ወንድሜ ነዳጁን እስከ ጥግ ረገጠልኝ። ካቦዋ ላይ ያለችው ምልክት ከሽፋኑ ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ድረስ ነው መቆም ያለባት። የኛዋ 6 ወጥታለች! እንዲህ ስትወጠር ካምቢዮው ሁሌም ነዳጅ በኃይል የተረገጠ ይመስለዋል። የዘይት ግፊቱን ይጨምራል፤ ማርሹም ዘግይቶ፣ እየመታ ይገባል። ባለፈው ሞተሩ ሲጠገን ፈትተው በደንብ ያልመለሷት ይመስለኛል።

ሁለቱን ዳዶዎች አላልቼ አስተካከልኳት።

አመሻሽ ላይ አባባ ራሳቸው ነዱት። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛ ገባ። ምንም አላሉም፤ መሪውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።