አንድ ጊዜ ታትመው የቀሩ ልቦለዶች

ድሬዳዋ ከዚራ ዛፎች ሥር አሮጌ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ገነነ ስም ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አንባቢ አላጣም። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ጊዜ ታትሞ የተረሳው መካከለኛ ልቦለድ ነው፤ የዘመኑን የቤት ኪራይ፣ የደመወዝ ጭንቀትና የጎረቤት ወሬ እንደወረደ የሚያቆየው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

ሲመርጡ መካከሉን ከፍተው ሁለት ገጽ ያንብቡ፤ መግቢያው ብዙ ስለሚለፋበት ያታልላል። የገጽ ቁጥሩንም ይከታተሉ። በ16 በ16 ገጽ የታጠፈ ጥራዝ ሲላላ አንዱ እጥፋት እንዳለ ይወድቃል፣ ታሪኩም መሀል ላይ ይቆረጣል። የድሬ ሙቀት የጀርባውን ሙጫ ያደርቀዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ለጥ አድርገው ከዘረጉት ይሰነጠቃል። በግማሽ ከፍተው በእጅዎ ይዘው ያንብቡት።